ሐምሌን ጉድጓድ ውስጥ ያስቀመጡ ሰዎች

ስራዬ ጉድጓድ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ከሪግ፣ ከመቆፈሪያው ማሽን ጋር ዞሬያለሁ። መቆፈር፣ ኬዚንግ (የጉድጓዱን ግድግዳ የሚይዘውን ቧንቧ) ማውረድ፣ ፓምፕ መግጠም፣ የተቃጠለውን ማውጣት። ውሃ ወጣ ሲባል ለእኔ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ ሰው ሊጠጣ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ኔዘርላንድስ፣ ዩትሬክት ከተማ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ደውላ «ቤታችን እኮ የሚሞቀው በጉድጓድ ውሃ ነው» አለችኝ።

«ፍል ውሃ ነው?» አልኳት።

«ኧረ አይደለም፤ ቀዝቃዛ ነው» አለች።

ቀዝቃዛ ውሃ ቤት ሲያሞቅ ሰምቼ አላውቅም። ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ዘንድሮ ገንዘቡም ቪዛውም ተሳካና ሄድኩ። ይህን የጻፍኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው፤ በየማታው ደብተሬ ላይ የጫርኩትን እያየሁ።

ቅዳሜ ማታና እሁድ፣ የካቲት 1 እና 2፣ 2017፦ ከአዲስ አበባ በብራስልስ ወደ ዩትሬክት

ቲኬቴ በብራስልስ አስገብቶ በስቶክሆልም የሚያስወጣ ነው። እንዲህ ሲሆን ዋጋው ቀነሰልኝ። ሌሊቱን በረን ጠዋት ብራስልስ ስንደርስ ሁለት ዲግሪ ነበር። ባቡሩ ከአውሮፕላን ጣቢያው ሥር ነው የሚነሳው። ቲኬት መሸጫው ማሽን ግን ካርዴን አልቀበልም አለ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሞከርኩ። ከኋላዬ ሰልፍ ተጠራቀመ። አንዲት ተማሪ የመሰለች ልጅ በራሷ ካርድ ከፈለችልኝና ጥሬ ዩሮ ሰጠኋት። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ሮጣ ሄደች። እግዜር ይስጣት።

ሮተርዳም ላይ ባቡር ቀይሬ ዩትሬክት ገባሁ። ጣቢያው ሥር ያለው የብስክሌት ማቆሚያ 12,500 ብስክሌት ይይዛል፤ በዓለም ትልቁ እንደሆነ ይነገርለታል። የአክስቴ ልጅ እዚያ ቆማ ጠበቀችኝ። ዘጠኝ ዓመት አልተያየንም። ሁለታችንም አለቀስን።

ቤቷ ከጣቢያው ብዙም የማይርቅ አዲስ ሕንፃ ላይ ስድስተኛ ፎቅ ነው። ጫማዬን አወለቅኩና ካልሲዬ ወለሉን ሲነካ ቆም አልኩ። ወለሉ ይሞቃል። የሚያቃጥል ነገር የለውም፤ ፀሐይ ሲመታው የዋለ የሲሚንቶ ደጅ ላይ ማታ ባዶ እግር እንደመቆም ነው። ግድግዳው ላይ ማሞቂያ የለም። ጋዝ የለም። ድምፅ የለም።

«ይኸው ነው ጉድጓድህ» አለችኝ እየሳቀች።

ሰኞ ጾመ ነነዌ ስለሚገባ ዶሮ ተሠርቶ ነበር የጠበቀኝ። እንጀራው ኔዘርላንድስ ውስጥ ከተዘራ ጤፍ የተጋገረ ነው። ጤፍ እዚህ አገር ይበቅላል። አንድ የዚሁ አገር ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የፓተንት መብት ይዞ ኢትዮጵያን ስንት ዓመት እንዳንገበገባት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በኋላ ፓተንቱን የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ አድርጎታል። እንጀራው ትንሽ ወፈር ይላል እንጂ ዓይኑ አልጠፋም።

የዘጠኝ ዓመት ልጇ ከጎኔ ተቀምጣ በተሰባበረ አማርኛ «አጎቴ፣ እናንተ ጋ ቤታችሁን ምን ያሞቀዋል?» አለችኝ። ጋቢ አልኳት። ሻንጣዬ ውስጥ ለእሷ ያመጣሁት ጋቢ ነበር፤ አውጥቼ አለበስኳት። ወለሉ እየሞቀ ጋቢዋን ለብሳ እንቅልፍ ወሰዳት።

የአክስቴ ልጅ ያወራችኝን እዚህ ልጨምር። ይህ አገር ለሃምሳና ስልሳ ዓመት ቤቱን ያሞቀው ከሰሜን፣ ከግሮኒንገን በሚወጣ የተፈጥሮ ጋዝ ነበር። ጋዙ እ.ኤ.አ. በ1959 ተገኘ። ሲወጣ ሲወጣ መሬቱ ሰመጠ፤ መንቀጥቀጥ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሁይዚንገ የሚባል መንደር ላይ 3.6 የተለካ መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ የስንቱ ሰው ግድግዳ ተሰነጠቀ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 ጀምሮ አዲስ የሚሠራ ቤት ከጋዝ መስመር ጋር እንዳይገናኝ ተደረገ። ጋዙን ማውጣት ራሱ በጥቅምት 2023 ቆመ። ስለዚህ ይህ የጉድጓድ ነገር እዚህ ለጌጥ የመጣ አይደለም። መሬታቸው እየተሰነጠቀ ነው መፍትሄ የፈለጉት።

ሰኞ፣ የካቲት 3፦ ዩትሬክት፣ ክዳኑ ሲከፈት

የአክስቴ ልጅ የሕንፃውን ቴክኒሻን አስቀድማ ለምናልኝ ነበር። ስድሳ የሚጠጉ፣ እጃቸው ሰፊ የሆነ ሰው ናቸው። የምሠራውን ስትነግራቸው ፊታቸው በራ። የሙያ ሰው ለሙያ ሰው አይጨክንም።

ከሕንፃው ጀርባ ብስክሌት በተደረደረበት እግረኛ መንገድ ላይ አንድ የብረት ክዳን አለ። ሰው በላዩ ይሄዳል፤ ማንም አያየውም። በሁለት ሜንጦ አነሱት። ታች አንድ ሜትር ተኩል ያህል የሚጠልቅ የኮንክሪት ጉድጓድ፣ መሃሉ ላይ የጉድጓዱ አናት፣ ከእሱ የሚወጣ ጭን የሚያህል ቧንቧ፣ ቀይ ምልክት። ተንበረከኩና አየሁት። ብሎኑ፣ የኬብሉ መግቢያ፣ የግፊት መለኪያው፤ ሁሉም የማውቀው ነው። አቃቂ ያለ ጉድጓድ ከፍቼ የማየው ነገር ነው። መለኪያው 14.2 ዲግሪ ይላል። ቧንቧውን ያዝኩት። በዚያ ብርድ እጄ ደንዝዞ ስለነበር ለብ ብሎ ተሰማኝ።

ከዚያ ሕንፃውን ዞረን ወደ ሌላኛው ጎን ሄድን። በእርምጃ ስቆጥር 130 ሜትር ገደማ መጣልኝ። እዚያም ሌላ ክዳን፣ ሌላ ጉድጓድ አለ፤ ምልክቱ ግን ሰማያዊ ነው። 6.8 ዲግሪ። ይሄኛው ቧንቧ ይቆረጥማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉድጓዶቹ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ሞቃት፣ አንዱ ቀዝቃዛ። ሁለቱም የሚወርዱት ወደ 50 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለ ውሃ ያዘለ አሸዋ ውስጥ ነው። በብርዱ ወራት ውሃ ከሞቃቱ ይሳባል። ምድር ቤት ባለው ማሽን አልፎ ሙቀቱን ትቶ ወደ ቀዝቃዛው ይገባል። ሰመር ሲመጣ ይገለበጣል። ከቀዝቃዛው ይሳባል፣ ሕንፃውን ያቀዘቅዛል፣ ከሰዉና ከፀሐዩ የወሰደውን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ሞቃቱ ይመለሳል። በዓመት አንዴ ወደዚያ፣ አንዴ ወደዚህ። ውሃው አያልቅም፤ አንዲት ባልዲ ለመጠጥም ለእጥበትም አይወጣም።

ታዲያ 14 ዲግሪ ውሃ ቤት እንዴት ያሞቃል? ቴክኒሻኑ ምድር ቤት ወስደው ሂት ፓምፑን አሳዩኝ። ሁለት ቁም ሳጥን ያክላል። የቤታችሁን ፍሪጅ ጀርባ ነክታችሁት ታውቃላችሁ? ይሞቃል። ፍሪጅ ከስጋውና ከወተቱ የቀማውን ሙቀት በጀርባው ነው የሚያስወጣው። ይህም ያው ነው፤ ስጋው የጉድጓድ ውሃ ነው፣ ጀርባው የቤቱ ወለል። ከውሃው ሰባት ዲግሪ ይቀማል፣ አጠራቅሞ 40 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። ለአንድ እጅ ኤሌክትሪክ አራት፣ አንዳንዴ አምስት እጅ ሙቀት ይመልሳል።

ሒሳቡን ደብተሬ ላይ ሠራሁት። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በሰባት ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ወደ 8 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይለቃል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሁለት ሰዓት በላይ ያስጋግራል። ከአምስት በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ነው!

አንድ ነገር ደግሞ ልቤን ነካው። የጉድጓዱ ውሃ የቤቱን ውሃ አይነካም። ስስ የብረት ገጾች የተደረደሩበት ማለዋወጫ ውስጥ ጎን ለጎን ያልፋሉ፤ ሙቀቱ ብቻ ይሻገራል። አየርም አያገኘውም። ለምን ብዬ ስጠይቅ ቴክኒሻኑ በጣታቸው የሚሙለጨለጭ ነገር እንደሚያሹ አድርገው አሳዩኝ። ገባኝ። አየር ሲገባ ውሃው ውስጥ ያለው ብረት ይዝጋል፤ ያ ዝገት የመሰለ ቡናማ አተላ የጉድጓዱን ማጣሪያ፣ ስክሪኑን፣ ይደፍነዋል። ስንት ፓምፕ አውጥቼ ያንን አተላ በሽቦ ብሩሽ ፍቄያለሁ! እኛ ጉድጓዱ ከተደፈነ በኋላ ነው የምንታገለው። እነሱ መስመሩን ሁልጊዜ በግፊት ሞልተው ይይዙታል፤ አየር የሚገባበት ቀዳዳ የለም።

ማታ ሽሮ በላን። አያቴን አስታወስኩ። አሰበ ተፈሪ ገጠር ማሽላ የሚያስቀምጡበት ጉድጓድ ነበራቸው። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ውስጡ በጭድ የተነጠፈ። ማሽላው ገብቶ አፉ በአፈር ይደፈናል። ከዓመት በኋላ ሲከፈት የሚወጣውን ሽታ እስካሁን አልረሳውም። ዩትሬክት ያየሁት የእሳቸው ጉድጓድ ነው። እህሉ ሙቀት ሆነ እንጂ። እነዚህ ሰዎች ሐምሌን ነው የቀበሩት፤ የእነሱ ሐምሌ ደግሞ እንደኛ ዝናብና ጭቃ አይደለም፣ የዓመቱ ሙቀት እሱ ላይ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4፦ ዩትሬክት፣ ዝናብና ካርታ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። የአክስቴ ልጅ ሥራ ነበረች። ብስክሌቷን ሰጥታኝ ነበር፤ አንድ የመንገድ ጥግ ላይ ጎማው ረጥቦ ተንሸራተተና በጉልበቴ ወደቅኩ። ሱሪዬ ተቀደደ። አንዲት አሮጊት ከቤታቸው ወጥተው ፕላስተር ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ በእግሬ ነው የሄድኩት።

አውደግራኽት በሚባለው ቦይ ዳር ከመንገዱ ሥር፣ ከውሃው ትንሽ ከፍ ብለው የተሠሩ የጥንት መጋዘኖች አሉ። ነጋዴው ዕቃውን ከጀልባ አውርዶ በቀጥታ ከመንገድ ሥር ያስገባ ነበር። አሁን ብዙዎቹ ምግብ ቤት ሆነዋል። ከተማው ድሮም ሀብቱን ከእግሩ ሥር ማስቀመጥ ለምዷል። እዚያ ቡና 3.50 ዩሮ ከፈልኩ፤ ወደ 450 ብር ማለት ነው። ጾም ስለሆነ ያለ ወተት። ለስላሳ ነው፤ ሁለት ስኒ ጠጥቼ ራስ ምታቴ አልለቀቀኝም።

ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ቴክኒሻኑ የነገሩኝን ካርታ ከፈትኩ። መንግሥት ለማንም ክፍት አድርጎ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጦታል። ከተማህን ትመርጣለህ፤ ጉድጓዶቹ እንደ ኮከብ ተበትነው ይታያሉ። ከዚህ ዓይነት ማከማቻ በዓለም ካለው ከአሥሩ ስምንት የሚበልጠው እዚህች ትንሽ አገር ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ጥናት በዓለም ዙሪያ ከ2,800 በላይ ቆጥሮ 85 በመቶውን ኔዘርላንድስ ነው ያገኘው። መሬታቸው አሸዋ በአሸዋ ነው፤ ውሃው ውስጡ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ያስቀመጥከው ሙቀት ባለበት ይጠብቅሃል።

ግን ካርታ የሌለው ጉድጓድ እዚህ የለም። ፈቃድ አለ። ወደ መሬት የሚመለሰው ውሃ በመደበኛው ከ25 ዲግሪ መብለጥ የለበትም። ለመጠጥ ውሃ በተከለለ ቦታ አይቆፈርም። የገባው ሙቀትና የወጣው ሙቀት እየተለካ ይመዘገባል፤ መሬቱን እያሞቁ መሄድ አይቻልም። መሃል ከተማ ላይ ደግሞ ጉድጓዱ በዝቶ የአንዱ ቀዝቃዛ የሌላውን ሞቃት እንዳይነካ፣ ሞቃቶቹ በዚህ ሰልፍ ቀዝቃዛዎቹ በዚያ ሰልፍ ተብሎ የመሬት ውስጥ ማስተር ፕላን ይሠራል።

ይህን ሳይ ውስጤ ተቃጠለ። እኔ ራሴ አዲስ አበባ ውስጥ የቆፈርኳቸው ጉድጓዶች አሉ። የግቢ፣ የሆቴል፣ የፋብሪካ። ጥልቀታቸውን የማውቀው እኔና ባለቤቶቹ ብቻ የሆንን አሉባቸው። ባለቤቱ ሲሸጥ ወረቀቱ ይጠፋል። አንዴ አንድ ግቢ ውስጥ ቁፋሮ ጀምረን በሦስተኛው ቀን አጥሩ ጥግ በኮንክሪት ተደፍኖ የነበረ አሮጌ ጉድጓድ አገኘን። ማን ቆፈረው? መቼ? ስንት ሜትር? የሚያውቅ የለም። ሁለቱ ጉድጓዶች ከአንድ ውሃ ያዘለ ንጣፍ ነው የሚጠጡት።

ረቡዕ፣ የካቲት 5፦ ሄርለን፣ በስህተት በማስትሪኽት በኩል

ሄርለን ከደቡቡ ጫፍ ያለች የድሮ የከሰል ከተማ ናት። ሲታርድ ላይ ባቡር መቀየር ነበረብኝ። እንቅልፍ ወሰደኝና ማስትሪኽት ድረስ ሄድኩ። መጀመሪያ ተናደድኩ። በኋላ ግን ከማስትሪኽት በፋልከንበርክ በኩል ሄርለን የምትገባ ትንሽ ባቡር አገኘሁ፤ መንገዱ ለዓይን ደስ የሚል ነው። እስከዚያ ያየሁት ኔዘርላንድስ ሁሉ እንደ ምጣድ ዝርግ ነበር። እዚህ ግን ኮረብታ አለ፣ ቢጫ የኖራ ድንጋይ አለ፣ ጠመዝማዛ መንገድ አለ።

ከማዕድን ሙዚየሙ ሌላ የቀድሞው የኦራንየ ናሳው ቁጥር 1 ማዕድንም እዚሁ ነው። ከሰል ቆፋሪውን የሚያወርደው የአሳንሰር ማማ እንዳለ ቆሟል። ያስጎበኙኝ ጡረተኛ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ታች ወርደው ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1965 ሚኒስትሩ ዮፕ ደን አውል እዚሁ ሄርለን ቲያትር ቤት ቆመው ማዕድኖቹ እንደሚዘጉ አስታወቁ። በታኅሣሥ 1974 መጨረሻ የአገሪቱ የመጨረሻ ከሰል ከዚህ ወጣ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ሥራ አጣ። ከተማዋ ለብዙ ዓመታት አዝና ኖረች። ፓምፖቹ ሲጠፉ ውሃ መሿለኪያዎቹን ቀስ በቀስ ሞላቸው።

«ታች ስንሠራ ሸሚዛችንን አውልቀን ነበር» አሉኝ። ምድር በጥልቀት እየሞቀች ትሄዳለች፤ በመቶ ሜትር ሦስት ዲግሪ ገደማ። እሳቸው በላብ የከፈሉበት ሙቀት አሁን ውሃው ውስጥ ነው። ከተማው አምስት ጉድጓድ አስቆፈረ። ከ700 ሜትር አካባቢ 28 ዲግሪ፣ ከ250 ሜትር አካባቢ 16 ዲግሪ የሚሆን ውሃ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ጀመረ፤ በዓለም የመጀመሪያው የማዕድን ውሃ ኃይል ማመንጫ ተባለ። የአገሪቱ ስታቲስቲክስ ቢሮ ሕንፃ መጀመሪያ ከተገናኙት አንዱ ነው።

ለእኔ ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በመጀመሪያ የሠሩት እንደ ማንኛውም ቆፋሪ ነው፤ ሞቃቱን አውጥተው መጠቀም። ጥቂት ዓመት ሲሠሩ ግን እንዲህ ከቀጠለ ሞቃቱ እየቀዘቀዘ፣ ቀዝቃዛው እየሞቀ እንደሚሄድ አዩ። የከሰሉ ታሪክ ሊደገም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለወጡት። አሁን ሕንፃዎቹ በቧንቧ ተገናኝተው በመጀመሪያ እርስ በርስ ይበዳደራሉ። የኮምፒውተር ማዕከል ቀን ከሌት ይሞቃል፤ ያ ሙቀት ለጎረቤት ቤት ይሄዳል። የተረፈው ብቻ ወደ ማዕድኑ ይወርዳል፤ የጎደለው ብቻ ከማዕድኑ ይወጣል። ማዕድኑ ጎተራ ሆነ። ጡረተኛው የልጃቸው ቤት በዚህ እንደሚሞቅ ሲነግሩኝ በመስኮት ማማውን እያዩ ነበር።

ከሙዚየሙ ብዙም ሳይርቅ የሮማውያን መታጠቢያ ቤት ፍርስራሽ አለ፤ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ኮሪዮቫሉም የምትባል ከተማ እዚህ ነበረች። እነሱም ወለል ያሞቁ ነበር፤ እንጨት አንድደው ትኩሱን አየር ከወለሉ ሥር እያሳለፉ። ሲመሽብኝ ሳልገባ ቀረሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

የማረፊያው ባለቤት በደግነት ፍላይ የሚባለውን የአካባቢውን የፍራፍሬ ኬክ ቆርጠው አመጡልኝ። የነነዌ ሦስተኛ ቀን ነው፤ ኬኩ ውስጥ ደግሞ ቅቤም እንቁላልም አለ። ጾም መሆኔን ስነግራቸው ሳህኑን ሸፍነው «ነገ ጠዋት ያንተ ነው» አሉኝ።

ሐሙስና ዓርብ፣ የካቲት 6 እና 7፦ ፍላይ፣ ከዚያ ስቶክሆልም

ቁርሴ ያው ኬክ ሆነ። የአፕሪኮት ነው። ሁለት ቁራጭ በላሁ።

ዓርብ ወደ ስቶክሆልም በርካሽ አየር መንገድ በረርኩ። ቲኬቱ 38 ዩሮ ነበር። በር ላይ ሻንጣዬን ለክተው 45 ዩሮ አስከፈሉኝ፤ ከቲኬቱ የበለጠ። የአክስቴ ልጅ ለስቶክሆልሙ ጓደኛዬ የላከችው ቡላና በሶ ነው ያስመዘነው። ተከራከርኩ፤ የሚሰማኝ አልነበረም። ርካሽ ቲኬት የምትገዙ ሰዎች ሻንጣችሁን ቤት መዝኑ።

ጓደኛዬ የሁለተኛ ደረጃ የክፍል ልጅ ነው። አሁን አውሮፕላን ጣቢያ ይሠራል። ቤቱ ስገባ ሴምላ የሚባል በክሬም የተሞላ ዳቦ ገዝቶ ጠበቀኝ። ስዊድኖች ከሁዳዴያቸው በፊት የሚበሉት ነው። ቅበላ እዚህም አለ ማለት ነው!

ቅዳሜ፣ የካቲት 8፦ አርላንዳ

ወደ አርላንዳ፣ ወደ ስቶክሆልም አውሮፕላን ጣቢያ የሚወስደው ፈጣን ባቡር ውድ ነው። ጓደኛዬ የሚሄድበትን አሳየኝ፤ በከተማ ባቡር እስከ ሜርስታ፣ ከዚያ በ583 አውቶቡስ፣ በአንድ ተራ ቲኬት። 40 ምናምን ክሮና ብቻ።

ከአውቶቡሱ መስኮት ጥድ የበቀለበት ረጅም ጉብታ አየሁ። ላየው የመጣሁት የአርላንዳ ጎተራ እሱ ራሱ ነው። በበረዶው ዘመን ከግግር በረዶ ሥር የሚፈስ ወንዝ ጠጠርና አሸዋ እያጠራቀመ የተወው ነው። እንዲህ ዓይነቱን ጠጠር የጉድጓድ ሰው ሲያየው አፉ ውሃ ይሞላል፤ ውሃ እንደ ወንፊት ያሳልፋል። የአርላንዳ ሰዎች እዚህ ጉብታ ውስጥ 11 ጉድጓድ አስቆፍረው እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ጀመሩ። በሰመር ቀዝቃዛው ውሃ ተርሚናሉን ያቀዘቅዛል፤ ሞቆ ተመልሶ ይገባል። በዊንተር ያው ሞቃት ውሃ ወደ ተርሚናሉ የሚገባውን አየር ለብ ያደርጋል፤ አውሮፕላን የሚቆምበትን ኮንክሪት ከሥሩ እያሞቀም በረዶ ያቀልጣል። በዓመት ወደ 19 ጊጋዋት ሰዓት ይቆጥባሉ። ከሁሉ የገረመኝ ሂት ፓምፕ እንኳ የለውም፤ ውሃው እንዳለ ይሠራል። በረዶ ለማቅለጥ ብዙ ሙቀት አያስፈልግማ!

ማታ በረራዬን ስጠብቅ መስኮቱ ላይ ተደግፌ ቆየሁ። ሣሩ ላይ በረዶ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። የእኛ አውሮፕላን የቆመበት ግን ጥቁርና እርጥብ ነው፤ ሻንጣ የሚጭኑት ልጆች ሳይንሸራተቱ ይሯሯጣሉ። ያለፈው ሐምሌ ሙቀት ነው ያ።

አውሮፕላን ላይ ስለ አገሬ አሰብኩ። ይህን ነገር እንዳለ ገልብጠን ብንወስድ አይሠራም። የከርሰ ምድር ውሃ የቦታውን የዓመት አማካይ ሙቀት ይከተላል። ኔዘርላንድስ ውስጥ 11 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ብርዱንም ሙቀቱንም የሚያስቀምጡት ወቅታቸው ስለሚለያይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከወር ወር ልዩነት ይልቅ የቀንና የሌሊቱ ይበልጣል። ሰመራ ብትሄዱ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሙቀት ነው፤ ውሃውም ሞቃት ነው። የምናስቀምጠው ብርድ የለንም።

ግን ሌላ ነገር አለን። የእኛ ጉድጓድ ውሃ ማንም ሳያሞቀው ከእነሱ ሞቃት ጉድጓድ ይበልጣል። ሆስፒታል ወይም ሆቴል ለገላ መታጠቢያ ውሃ በቦይለር ከሚያነድ ከ20 ዲግሪ በላይ ካለ የጉድጓድ ውሃ በሂት ፓምፕ ቢነሳ መንገዱ አጭር ነው፤ ኤሌክትሪኩ ያንሳል። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ የምንጠጣው ውሃ ስለሆነ ሙቀቱ ተወስዶ ውሃው ንጹሕ ሆኖ ወደ መሬት መመለስ አለበት። ለዚያ ደግሞ በመጀመሪያ ጉድጓዶቻችን የት እንዳሉ፣ ስንት ሜትር እንደሆኑ፣ ስንት ዲግሪ እንደሆኑ መታወቅ አለበት። እኔ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ሙቀት ለካሁ? አንድም ጊዜ። የሚጠይቀኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11፦ አቃቂ

ሥራ በገባሁ በሁለተኛው ቀን አንድ ጉድጓድ ጥገና ሄድን። ፓምፑ ከመውጣቱ በፊት ስቶክሆልም የገዛሁትን ባለ ገመድ ቴርሞሜትር አወጣሁ። ረዳቴ ገመዱን ይዞልኝ «ኢንጂነር፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሊለኩ ነው?» አለኝ። ቆይ አልኩት። ዝቅ አደረግነው። ትንሽ ጠበቅን። ሲወጣ 22 ዲግሪ ይላል። ደብተሬን አወጣሁና ቀኑን፣ ቦታውን፣ የውሃውን ወለል፣ ጥልቀቱን ጻፍኩ፤ ከሥሩ 22። ከዚያ ረዳቴን አጠገቡ ስላለው ጉድጓድ ጠየቅኩት። ቁልፉን ለማምጣት ሄደ።